ቅፍለትና የምድር ባቡር፤ የሐረርና የድሬ ዳዋ አስረጅነት

የንግድ መንገድ በምድር ላይ የተሠመረ ጥርጊያ ብቻ አይደለም። ጭነቱ በምን እንደሚጓጓዝና የት እንደሚራገፍ መታወቁ፣ ቀረጥ የሚሰበስበው፣ ደላላ የሚሆነውና መንገዱን የሚያዝዘው ማን እንደ ሆነ ያስረዳል። ማመላለሻው ሲለወጥ ማረፊያው ይለወጣል፤ ሥልጣንም ማረፊያውን ተከትሎ ይሄዳል። የሐረርና የድሬ ዳዋ ታሪክ ለዚህ ጥሩ አስረጅ ነው።

ከምድር ባቡር በፊት ከዘይላ ወደብ ወደ ሐረር የሚወጣው ዕቃ በረሓውን በግመል ይሻገር ነበር። ዳገቱ ለግመል አስቸጋሪ ስለ ሆነ፣ ጭነቱ ከተራራው ግርጌ በጊልዴሳ ተራግፎ ወደ አህያና ወደ በቅሎ ይዛወራል። በቆላው ግመሉን የሚያቀርቡትና የሚነዱት አብዛኛውን ጊዜ የኢሳ ሰዎች ነበሩ። ነጋዴውም ያለ አባን አይጓዝም፤ አባን ማለት በሶማሌ ልማድ እንግዳውን በጎሣው ምድር የሚጠብቅ፣ ዋስ የሚሆንለትና ንግዱን የሚያደላድልለት፣ ለዚህም ዋጋ የሚቀበል ሰው ነው። ቅፍለቱ ሐረር ሲደርስ ከ5ቱ የጀጎል በሮች በአንዱ ይገባል፤ ቀረጡም የአሚሩ ገቢ ነበር። እንዲህ የመንገዱ ጥቅም በየማረፊያው ለብዙ እጅ የተከፋፈለ ስለ ነበር፣ አንዱን ጎሣ ያስቀየመ ነጋዴም ሆነ ገዢ መንገዱ ይዘጋበት ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሐረርን ሲይዙ የዚህን መንገድ ዋና በር ያዙ። በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ ሰጡ፤ ሥራውም በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። በመጀመሪያው ዕቅድ ሐዲዱ ሐረር ይደርስ ነበር። ነገር ግን የዳገቱ ወጪ ከብዶ ስለ ተገኘ መስመሩ ከተራራው በታች አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ ላይም በመጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው ድሬ ዳዋ ተቆረቆረች።

ከዚያ በኋላ የቀድሞዎቹ ማረፊያዎች ጥቅማቸውን አንድ በአንድ አጡ። ጊልዴሳ የጭነት መለወጫነቷ ቀረ፤ የዘይላ ንግድ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ሐረር የአገረ ገዢው መቀመጫና የእስልምና ትምህርት ማእከል ሆና ብትኖርም፣ የሕንድ፣ የዐረብ፣ የግሪክና የአርመን ነጋዴዎች መጋዘናቸውን ወደ ጣቢያው አጠገብ አወረዱ። በሐዲዱ ሥራ ጊዜ የኢሳና የአፋር ሰዎች በሠራተኞች ላይ አደጋ መጣላቸውም ከዚህ ተለይቶ ሊታይ አይገባውም። ባቡር ግመል አይከራይም፤ አባንም አይሻም፤ በምድራቸው እያለፈ የመንገዱን ዋጋ የሚያስቀርባቸው ነገር ነበር።

በየማረፊያው ተከፋፍሎ የነበረው ገቢ ግን ሁሉም በማእከላዊው መንግሥት እጅ አልገባም። በአንድ በኩል ጉምሩክ በጥቂት ጣቢያዎች ስለ ተወሰነ ቀረጡን መቆጣጠር ቀለለ። በሌላ በኩል ደግሞ ሐዲዱ የውጭ ኩባንያ፣ ወደቡም የፈረንሳይ ይዞታ ነበር። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ባደረጉት ውል ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅና በስተ ምዕራብ የሚሠራው ሐዲድ በማን ሥር እንደሚሆን እርስ በርሳቸው ተስማሙ። በቅፍለት ዘመን ገዢው የሚደራደረው ከጎሣ አለቆች ጋር ነበር፤ በባቡር ዘመን ግን ከኩባንያና ከውጭ መንግሥታት ጋር ሆነ። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሶ 784 ኪሎ ሜትር ያኽል መስመር ሲፈጸም፣ ቅፍለት ሳምንታት የሚፈጅበት ጉዞ የ3 ቀን መንገድ ሆነ፤ የባሕሩ በር ቁልፍ ግን ከአገሩ ውጭ እንዳለ ቀረ።

ድሬ ዳዋም ከዚህ ሕግ አላመለጠችም። በኋላ የጭነት መኪና የአሰብን መንገድ አበረታ፤ በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘግቶ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ተመለሰ። ሆኖም አብዛኛው በመኪና ስለ ተጓዘ አሮጌው ባቡር አላገገመም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ ጣቢያውን ያደረገው ከአሮጌው የድሬ ዳዋ ጣቢያ ርቆ ከከተማው ውጭ ነው። ሐረር ከተራራው ሆና ወደ ታች ያየችውን፣ ድሬ ዳዋ በተራዋ ከሜዳው ሆና አየችው። ስለዚህ የከተሞችን መነሣትና መውደቅ የሚመረምር ሰው የገዢዎቹን ስም ከመቁጠሩ በፊት ጭነቱ የት ይራገፍ እንደ ነበር ቢጠይቅ ይበጀዋል።