ሐኪምና ደራሲ

መልካም ሐኪምና መልካም ደራሲ የሚሠሩት በአንድ ዓይን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስመ ጥሩው የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል አስቀድሞ ሐኪም ነበር። ሼርሎክ ሆምስ የተባለውን መርማሪ የፈጠረውም በኤዲንብራ ያስተማረውን ዶክተር ጆሴፍ ቤልን አብነት አድርጎ ነው። ቤል በሽተኛው ሳይናገር፣ ሁኔታውን አይቶ ሥራውንና የመጣበትን ያውቅ ነበር።

ይህንኑ የቤልን ታሪክ በአደባባይ ንግግራቸው ያነሡ አንድ የአዲስ አበባ ተወላጅ አሉ፤ ዶክተር አብርሃም ቨርጊዝ ይባላሉ። በ1955 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከሕንዳውያን መምህራን ተወልደው፣ ሕክምና መማር የጀመሩት በዚሁ በአገራችን ነው። የ1974ቱ አብዮት ትምህርታቸውን ቢያቋርጠው ወደ አሜሪካ ተሻግረው በሆስፒታል በአስታማሚነት ሠሩ። ሐኪሙ ጎብኝቶ ከሄደ በኋላ በሽተኛው ቀሪውን ሰዓት እንዴት እንደሚያሳልፍ ያዩት ያን ጊዜ ነው። በ1979 በማድራስ ተመረቁ፤ በ1991 በአዮዋ የድርሰት ትምህርት ፈጸሙ፤ በ2009 አዲስ አበባ ስላለ ሆስፒታል የሚተርከውን «ከቲንግ ፎር ስቶን» የተባለ ልብ ወለድ አሳተሙ።

ዶይል በ1891 ሕክምናን ትቶ ወደ ድርሰቱ ዞረ። ቨርጊዝ ግን ሁለቱንም ያዙ፤ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ አቁመው በዓይንና በእጅ መመርመርን አስተማሩ።

ትምህርቱ ለእኛም ነው። በወልድያም ሆነ በመርሳ የሚያገለግል ወጣት ሐኪም፣ ከሐብሩ ገጠር በእግሩ የመጣውን ገበሬ ካርዱን ከማገላበጡ በፊት ፊቱንና እጁን ይመልከት። የጽሕፈት ቤት ሠራተኛም ቢሆን ማመልከቻውን ከማንበቡ አስቀድሞ ባለጉዳዩን ቀና ብሎ ይየው። በወረቀቱ ያልሰፈረ ብዙ ነገር አለና።