ቃሉ ዳባት ሲደርስ እንዴት ይሰማል?

በየአጥቢያችን ለራዲዮ የሚሆን ስብከትና መዝሙር የሚቀርጹ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። የትዳርና የቤተሰብ ፕሮግራም የሚያዘጋጁ ባልና ሚስትም አሉ። ስለ ትምህርቱ ይዘት ብዙ እንጸልያለን፣ ብዙም እንዘጋጃለን። ስለ ድምፁ ግን “እሱን ለቴክኒሻኑ ተዉት” ብለን እናልፋለን።

እስቲ ሰሚውን አስቡት። ዳባት ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት የደጋ ከተማ ናት። ከከተማዋ ወጥቶ በገደሉ ሥር ለሚኖር ሰው የኤፍ ኤም ሞገድ ተራራ ሲጋርደው ይደክምበታል። አጭር ሞገድ ከላይኛው የአየር ክፍል ተንጸባርቆ ስለሚወርድ ተራራውን ይሻገራል፤ ነገር ግን እየቀረበ እየራቀ፣ እያፏጨ ነው የሚደርሰው። ባለ ድንጋይ ባትሪ ራዲዮዋን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ የምታዳምጥ እናት አንድ ቃል ካመለጣት “ድገሙልኝ” አትልም።

የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ በየካቲት 1955 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተመርቆ ተከፈተ፤ መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰው። ጣቢያው እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት የሆኑ ሁለት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች ነበሩት። ይህን ያህል ኃይል ቢኖርም እንኳ ወደ ማሰራጫው የሚገባው ድምፅ ደካማ ከሆነ ሩቅ የሚደርሰው ባዶ ሞገድ ነው። ድምፁ ከልክ ካለፈ ደግሞ ሞገዱ ለቅጽበት ይቋረጣል፣ ንግግሩ ይሻክራል፣ የጎረቤት ጣቢያንም ይረብሻል። ስለዚህ በስቱዲዮና በማሰራጫ መካከል ድምፁን የሚገሩ መሣሪያዎች ይቀመጣሉ።

ከእነዚህ አንዱ ሊሚተር ነው። ድምፁ ከተወሰነለት ልክ ሲያልፍ፣ እንደ ንቁ እጅ ፈጥኖ ዝቅ ያደርገዋል፤ ጩኸቱ ሲያልፍ መልሶ ይለቀዋል። ሁለተኛው ክሊፐር ነው፤ እርሱ ዝቅ አያደርግም፣ ከልክ ያለፈውን ጫፍ እንደ መቀስ ይቆርጠዋል። ጥቂት ሲቆርጥ ጆሮ አያስተውለውም። ብዙ ሲቆርጥ ግን በመጀመሪያው ድምፅ ውስጥ ያልነበረ ሸካራ ድምፅ ይፈጥራል። በቋንቋችን ደግሞ ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ቀ የመሳሰሉት ፊደላት ፈንዳ ብለው የሚወጡ ናቸው፤ ሊሚተሩ ሳይደርስባቸው ያመልጡና ክሊፐሩ ላይ ይወድቃሉ። በኤፍ ኤም ቀጫጭን ድምፆች ከመሰራጨታቸው በፊት ሆን ተብሎ ከፍ ስለሚደረጉ ሰ እና ጸ የባሰ ይጎዳሉ። “ጸጋ” እና “ጸሎት” የምንላቸውን ቃላት ብዛት አስቡት!

አስቸጋሪው ማስተካከያ የመልቀቂያው ፍጥነት ነው። በጣም ከፈጠነ ሰባኪው ትንፋሽ ሲወስድ የጄኔሬተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ይመጣል። በጣም ከዘገየ ደግሞ ከ“ሃሌ ሉያ!” በኋላ የሚመጣው ዓረፍተ ነገር ይሰምጣል። (ሰባኪዎቻችን ደግሞ ከሹክሹክታ ወደ ጩኸት ለመሄድ አንድ ሰከንድ አይፈጅባቸውም!)

ይህ በተለይ ባልና ሚስት በአንድ ማይክራፎን ሲነጋገሩ ጎልቶ ይታያል። እርሱ ይስቃል፤ ሊሚተሩ ሳቁን ይዞ ሁሉንም ዝቅ ያደርጋል፤ ከሳቁ ጋር የእርሷም መልስ ይወርዳል። ስለ መከባበር እየተማሩ የእኅታችን ግማሽ ሐሳብ ሳይሰማ ቀረ ማለት ነው። ሁለት ማይክራፎን ተጠቀሙ፤ የእያንዳንዳቸውን መጠን ለየብቻ አስተካክሉ፤ ዝቅ ብላ የምትናገረው ወደ ማይክራፎኗ ትጠጋ።

ስትቀርጹ ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን፤ ቀዩ መብራት መብራት የለበትም። ሚክሰሩ ላይ የተቆረጠውን ድምፅ የጣቢያው መሣሪያ ሊመልሰው አይችልም፤ ዝቅ ብሎ በንጽህና የተቀረጸውን ግን ከፍ ማድረግ ቀላል ነው። “ጎላ እንዲል” ብላችሁም በራሳችሁ ሊሚተር አስቀድማችሁ አትጭመቁት፤ ጣቢያው እንደገና ይጨምቀዋልና ሰሚውን ያደክማል። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 ስለ መለከቱ የጻፈውን አስታውሱ፤ የሚነሣው ጥያቄ ስለ ድምፁ ማነስ ሳይሆን ስላለመለየቱ ነው። እኔ በበኩሌ ትንሽ ዝቅ ብሎ የጠራውን እመርጣለሁ።

ቀረጻውን ከመላካችሁ በፊት በትልቁ ስፒከር ብቻ አትመዝኑት። በአንዲት ትንሽ ራዲዮ ወይም በስልክ ስፒከር ክፈቱት፤ ውጭ፣ ነፋስ ባለበት ቦታ አስቀምጡት። ስብከቱን ከዚህ በፊት ያልሰማ አንድ ሰው ጥቂት እርምጃ ርቆ ያዳምጥና የሰማውን ይንገራችሁ። የሳተው ቃል ካለ እዚያ ቦታ ተመለሱና ድገሙት።