የነጭ ዝንብ ማንነት በቅጠሉ ጀርባ ይታወቃል

በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ወደ አውሮፓ የሚላክ አበባ በቅጠሉ ጀርባ ነጭ ዝንብ ይዞ ቢገኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው የትኛው ነጭ ዝንብ ነው የሚለው ነው። የጥጥ ነጭ ዝንብ የሚባለውን ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣ ዓይነት የአውሮፓ ኅብረት በኳራንቲን ዝርዝሩ አስፍሮታል፤ ጭነቱን ሊያስመልስ ወይም ሊያስወግድ ይችላል። የግሪንሃውስ ነጭ ዝንብ የሚባለው ግን በአውሮፓ የኖረ በመሆኑ በዝርዝሩ አልገባም። የገበሬው ድካም የሚወሰነው እንግዲህ በዚህ ልዩነት ነው።

የሚበረው ዝንብ ርዝመቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በዓይን መለየቱ ያዳግታል። የጥጡ ክንፉን እንደ ጎጆ ጣሪያ ሲያዘቀዝቅ የግሪንሃውሱ ጠፍጠፍ ያደርገዋል፤ ይህ ምልክት ግን ብቻውን አያስተማምንም። ባለሙያ የሚመረምረው በቅጠሉ ጀርባ የተጣበቀውንና ሊፈለፈል የተቃረበውን እጭ ነው። የግሪንሃውሱ ጎኑ እንደ ጣሳ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በጠርዙም ዙሪያ የሰም ፀጉር አለው። የጥጡ ጠርዙ ወደ ቅጠሉ ያዘቀዝቃል፤ የሰም ፀጉርም የለውም። ይሁን እንጂ የጥጡ እጭ ፀጉራማ ቅጠል ላይ ሲያድግ መልኩን ስለሚለውጥ ባለፉት ዘመናት በተለያዩ ስሞች ተመዝግቦ ነበር።

የግሪንሃውሱ ታሪክ ከኦርኪድ አበባ ጋር የተያያዘ ነው። እንግሊዛዊው ዌስትዉድ እ.ኤ.አ. በ1856 ስም ሲያወጣለት፣ ከሜክሲኮ በመጡ ተክሎች ወይም በኦርኪድ ማሸጊያ ገብቶ ይሆናል ብሎ ገምቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 ደግሞ በእንግሊዝ አገር አንድ ቲማቲም አምራች ጥቁር የሆኑ እጮች አየ፤ ውስጣቸው ጥቃቅን ተርብ ነበረች። ይህቺ ተርብ እስከ ዛሬ ለተባይ መከላከያ ትረባለች፤ በጥጡ ዝንብ ላይ ግን ኃይሏ ያንሳል።

የጥጡ ዝንብ ሙቀት ይወዳል፤ በአዋሽ ሸለቆ የጥጥ እርሻዎች የታወቀ ጠላት ነው። የቲማቲምን ቅጠል የሚያጠቀልልና የሚያቢጭ ቫይረስም ያስተላልፋል። አንዱን መድኃኒት ደጋግሞ መርጨትም ዝንቡን ያለማምደዋል እንጂ አያጠፋውም።

ስለዚህ የማኅበር መሪዎች የሚበረውን ዝንብ አሳድደው ለመያዝ አይድከሙ። እጭ ያለበት ቅጠል ተቀጥፎ በወረቀት ይጠቅለል፤ የተክሉ ስም፣ ቦታውና ቀኑ ተጽፎ በአቅራቢያው ላለው የዕፀዋት ጤና ባለሙያ ይላክ። በላስቲክ ግን አይቋጠር፤ ላቡ ቅጠሉን ያበሰብሰዋል።