ጠገራ ብርና የመንግሥት ገንዘብ፦ የአመኔታ ፉክክር

ገንዘብ የመንግሥት ማኅተም ስላረፈበት ብቻ ገንዘብ ይሆናልን? የኢትዮጵያ የገንዘብ ታሪክ ጉዳዩ ከዚያ በላይ መሆኑን ያሳያል።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአገሪቱ ዋና መገበያያ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ ብር ነበር። ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ብታርፍም፣ ነጋዴዎች የብር ማዕድን ባቀረቡ ቁጥር የቪየና ገንዘብ ማተሚያ ቤት ያንኑ ዓመት እየቀረጸ ያዘጋጅላቸው ነበር። ጠገራውን ወደ ኢትዮጵያ ገበያ ያስገባው የመንግሥት ዐዋጅ ሳይሆን ንግድ ነው። ለአነስተኛ ግብይት ደግሞ አሞሌ ጨው ያገለግል ነበር።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የራሳቸው ምስልና የ1887 ዓ.ም. ቀን ያለበትን ብር በፓሪስ አስቀረጹ። ክብደቱም ሆነ የብር ይዘቱ ከጠገራው ጋር ተቀራራቢ ነበር። ሆኖም ገበሬውና ሲራራ ነጋዴው የለመዱትን አልተዉም። የዓመት ምርቱን በጥቂት ብሮች የሚለውጥ ሰው፣ በሚቀጥለው ገበያ ያለ ጥርጥር የሚቀበሉትን መምረጡ አያስደንቅም።

በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ ሌላ ተፎካካሪ ይዞ መጣ። ባንኩ የመንግሥት ሳይሆን የባለአክሲዮኖች ንብረት ሲሆን፣ የወረቀት ገንዘብ የማውጣት ብቸኛ መብት በስምምነት ተሰጥቶት ነበር። ወረቀቱ በተጠየቀ ጊዜ በብር እንደሚመነዘር ቃል ቢገባም፣ ስርጭቱ በአብዛኛው በከተሞችና በነጋዴዎች መካከል ተወሰነ። በ1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ካሳ ከፍሎ ባንኩን አፈረሰ፤ በምትኩም የኢትዮጵያ ባንክ ተቋቋመ። በዚህም ገንዘብ የማውጣት ሥልጣን ከውጭ ባለአክሲዮኖች እጅ ወጣ።

ጠገራው ግን ገና አልተሸነፈም። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. በወጣው የገንዘብ ዐዋጅ መሠረት አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በሥራ ላይ ሲውል፣ አብዛኛው ገንዘብ የወረቀት ነበር፤ ባለ 50 ሳንቲሙ ግን ከብር ማዕድን የተሠራ ነበር። መንግሥት በሕግ ያስገደደውን ገንዘብ፣ ሕዝቡ በሚያምነው ማዕድን መደገፍ አስፈልጎት ነበር ማለት ነው። ያም ሆኖ ጠገራው ከአንዳንድ ገበያዎች ለመጥፋት ዓመታት ፈጅቶበታል።

ዐዋጅ አንድን ገንዘብ ሕጋዊ ሊያደርገው ይችላል። ገበያ ላይ ተፈላጊ የሚያደርገው ግን የተቀበለው ሰው ነገም ያለ ችግር ሊያወጣው እንደሚችል ማመኑ ነው።