ልብ ወለድ መጻፍ እንደ መሸሻ፦ ለሕመምተኛው ያለው ጥቅምና ወሰኑ

በደርግ ዘመን በማዕከላዊ ታስሮ የነበረው ገጣሚና ጋዜጠኛ ነቢይ መኮንን፣ እስረኞች እጅ የገባውን የማርጋሬት ሚቸልን ልብ ወለድ ወደ አማርኛ የመለሰው በሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚገኘው ብርማ ወረቀት ላይ ነበር። የወረቀቱ ብዛት ወደ 3,000 እንደሚጠጋ ይነገራል። ጽሑፉ በሲጋራ ፓኮ እየተደበቀ ከእስር ቤት ከወጣ በኋላ ተሰባስቦ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ለኅትመት በቅቷል።

ሥራው ትርጉም እንጂ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ሆኖም ለጤና ባለሙያ አንድ ቁም ነገር ያስጨብጣል። እስረኞቹ የተጠለሉበት ታሪክ የደስታ ታሪክ አልነበረም፤ ጦርነት፣ ረኀብና የፈረሰ ቤት የሞላበት ነው። መሸሻቸው የራሳቸውን መከራ የሚመስል የሌላ ሰው መከራ ነበር።

ተመሳሳይ ነገር በምርመራ ክፍልም ይታያል። ሕመምተኛ የራሱን ጭንቀት «አንድ ጎረቤት አለኝ» ብሎ ሲጀምር መስማት ለብዙ ባለሙያ እንግዳ አይደለም። ይህን እንደ ውሸት ቆጥሮ «እውነቱን ተናገር» ማለት በሩን መዝጋት ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከወለጋና ከሌሎች አካባቢዎች የተፈናቀሉ በርካታ ቤተሰቦች በደብረ ብርሃን ተጠልለዋል፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያም ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና ዘልቆ ነበር። እንዲህ ባለ አካባቢ «እኔ» ብሎ ለመናገር የሚከብደው ሰው ጥቂት አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ1986 ጄምስ ፔኔቤከርና ሳንድራ ቢል በአሜሪካ ተማሪዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ስለ ከባድ ገጠመኛቸውና ስለ ስሜታቸው ለ4 ተከታታይ ቀናት በየቀኑ 15 ደቂቃ የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ወደ ጤና ማዕከል የሄዱበት ጊዜ ቀንሶ ተገኝቷል። ለልብ ወለድ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ሜላኒ ግሪንበርግ፣ ካሚል ዎርትማንና አርተር ስቶን እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጡት ጥናት ነው። ከባድ ገጠመኝ ከነበራቸው ሴት ተማሪዎች ከፊሎቹ የራሳቸውን፣ ከፊሎቹ ፈጽሞ ያልደረሰባቸውን አደጋ እንደ ደረሰባቸው አድርገው ጻፉ። ከአንድ ወር በኋላ ሁለቱም ቡድኖች ተራ ነገር ከጻፉት ያነሰ የሕክምና ጉብኝት አድርገዋል፤ ጽፈው እንደ ጨረሱም የምናቡን የጻፉት የራሳቸውን ከጻፉት ያነሰ ትካዜ ታይቶባቸዋል። ተመራማሪዎቹ ይህን የተረጎሙት ሰው ስሜቱን መግዛት መቻሉን በጽሑፉ ስለሚለማመድ ነው በማለት ነው። በእርግጥም በልብ ወለድ ውስጥ መቼ እንደሚጀመርና የት ላይ እንደሚቆም የሚወስነው ጸሐፊው ነው፤ በእውነተኛው አደጋ ጊዜ ግን ይህ ሥልጣን አልነበረውም።

ጥቅሙን ማጋነን አይገባም። ስሜትን ስለ መግለጽ የተደረጉ 146 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረው የጆአን ፍራታሮሊ ሥራ (እ.ኤ.አ. 2006) ጠቀሜታው እውነተኛ ቢሆንም አማካይ መጠኑ አነስተኛ መሆኑን አሳይቷል። መጻፍ መድኃኒትንም ሆነ የምክር አገልግሎትን አይተካም።

አደጋ በደረሰ ማግሥት ሰውን ስለ ሁኔታው እንዲተርክ መገፋፋት በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ አይደገፍም፤ በጽሑፍ መሆኑም ነገሩን አይለውጠውም። ከሳምንታት በኋላ ሰውየው ራሱ ፍላጎት ካሳየ ግን «ስለ አንድ የማታውቀው ሰው ጻፍ» ማለት ይቻላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትካዜው ሊበረታ እንደሚችል አስቀድሞ መንገር ግድ ነው። ፊደል ላልቆጠረች እናት ደግሞ ተረት አለ፤ በአንኮበር ቆላና ደጋ ያሉ አረጋውያን ለዚህ መምህር አይሹም።

መሸሹ መልካም ወይም ጎጂ መሆኑ የሚለየው ከጽሑፉ ይልቅ ከጽሑፉ በኋላ ባለው ኑሮ ነው። ሰውየው ብዕሩን አስቀምጦ ይበላል? ይተኛል? ከልጆቹ ጋር ይጫወታል? በምናቡ ዓለም ተከቶ ሥራና ቤተሰብ ከተወ፣ ምናቡን ከእውነታ መለየት ካቃተው ወይም ጽሑፉ ስለ ራስ ማጥፋት ደጋግሞ ካነሣ፣ ሳይዘገይ ወደ አእምሮ ሕክምና ባለሙያ መላክ አለበት።

ወረቀቱ የጸሐፊው ነው። ካላነበበው ወይም ካልሰጠ አይጠየቅም፤ ከካርዱም ጋር አይያያዝም።