ተከራይን ማስለቀቅ ሲታገድ፤ በአሜሪካ አገር የግል አከራዮች ያሳለፉት ሁኔታ

በ2020 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የኮሮና ወረርሽኝ ሱቁንና ፋብሪካውን ባዘጋ ጊዜ፣ በዩናይትድ ስቴትስ ኦፍ አሜሪካ ደመወዙ የተቋረጠበት ሠራተኛ ኪራዩን ለመክፈል ተሳነው። ስለዚህ ማርች 27 ቀን የወጣው ሕግ፣ የፌዴራል መንግሥት ድጋፍ ባላቸው ቤቶች የሚኖሩ ተከራዮች በኪራይ ውዝፍ ምክንያት ለ120 ቀን እንዳይለቁ አገደ። ይህ ጊዜ ካለፈ በኋላ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ቤት አልባ የሆነ ሰው በየዘመዱ ቤት ሲጨናነቅ በሽታው እንዳይዛመት በማለት፣ ከሴፕቴምበር 4 ቀን ጀምሮ ዕገዳውን አሰፋው። በእኛም አገር በ2012 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ማስፈጸሚያ ደንብ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ከልክሎ እንደ ነበር ይታወሳል።

የአሜሪካው ዕገዳ የመኖሪያ ቤትን እንጂ የንግድ ቤትን አይመለከትም ነበር። ኪራዩንም አልሰረዘም፤ ዕዳው በየወሩ ይጠራቀም ነበር። ተከራዩ ገቢው ከ99,000 ዶላር (ባልና ሚስት በአንድነት ግብር የሚከፍሉ እንደሆነ ከ198,000 ዶላር) እንደማይበልጥና የቻለውን ያህል እንደሚከፍል በፊርማው ያረጋግጣል። ትእዛዙን የጣሰ አከራይ እስከ 100,000 ዶላር መቀጫ ወይም እስከ አንድ ዓመት እስራት ይጠብቀዋል።

ነጋዴ የሆነ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። ባለሱቅ ዱቤ የሚሰጠው ሰውየውን አይቶ፣ መጠኑንም ወስኖ ነው። እዚህ ላይ ግን ዱቤው የሚቆምበትን ቀን አበዳሪው አያውቀውም፤ ዕቃውን፣ ማለት ቤቱን፣ ለሌላ ደንበኛ ሊያዞረው አይችልም። ብዙ ሕንፃ ያለው ኩባንያ የአንዱን ጉድለት በሌላው ይሸፍናል፤ አንድ ወይም ሁለት ቤት ብቻ ያለው ሰው ግን የቤት ግብሩ፣ መድኑና የጣራው ጥገና አይጠብቁትም። በፌዴራል መንግሥት በተደገፈ ብድር ከአንድ እስከ አራት ቤተሰብ የሚይዝ ቤት የገዛ ባለዕዳ ክፍያው ለ180 ቀን፣ ደግሞም ለሌላ 180 ቀን እንዲዘገይለት መጠየቅ ይችል ነበር። ከሌላ አበዳሪ የተበደረው ይህ መብት አልነበረውም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ዕዳውን ከፍሎ ጨርሶ በእርጅናው በኪራይ የሚተዳደረው ነው፤ የሚዘገይለት ብድር ስለሌለው ከዚህ መብት ምንም አላገኘም።

ዕገዳው ራሱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ ተከራዩን ማስወጣትም ውዝፉን አያስገኝም። ስሕተቱ ክልከላው አስቀድሞ ገንዘቡ ዘግይቶ መምጣቱ ነው። ለኪራይ ርዳታ 25 ቢሊዮን ዶላር የተፈቀደው በዲሴምበር 2020፣ ተጨማሪው 21.55 ቢሊዮን ደግሞ በማርች 2021 ነው። ገንዘቡ በየክፍለ ግዛቱና በየከተማው መሥሪያ ቤት በኩል ስለሚያልፍ፣ ማስረጃውም ብዙ ስለሆነ፣ እስከ ጁላይ 2021 መጨረሻ የተከፈለው 5.1 ቢሊዮን ያህል ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ርዳታ አከራዩ ራሱ ማመልከት ቢፈቀድለትም የተከራዩ ፈርማ ያስፈልግ ነበር፤ ተከራዩ እምቢ ቢል መንገዱ ይዘጋል።

ዕገዳው ብዙ ጊዜ ከተራዘመ በኋላ ጁላይ 31 ቀን 2021 አበቃ፤ ኦገስት 3 ቀን እንደገና ቢታወጅም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኦገስት 26 ቀን በስድስት ድምፅ ለሦስት አነሣው። ማዕከሉ ያለ ኮንግረስ ፈቃድ ይህን ያህል ሥልጣን የለውም ሲል፣ ከአከራዮቹም ብዙዎቹ መጠነኛ ኑሮ ያላቸው መሆናቸውን በውሳኔው ላይ ጠቅሷል። የርዳታው ገንዘብ መከፋፈል ከዚያም በኋላ ቀጠለ።