በቁርኣን ትርጓሜ ስለ ኢስቲክባር፤ ሐቅን ካወቁ በኋላ እምቢ ስለ ማለት

በዐረብኛ «ኪብር» የሚባለው ቃል በግዕዝና በአማርኛ «ክብር» ከሚባለው ጋር የአንድ ሴማዊ ሥር ቅርንጫፍ ነው። በኢትዮጵያ ቋንቋዎች ቃሉ ለመልካም ስምና ለማዕረግ ሲነገር፣ በዐረብኛ ግን «ከቢር»፣ ማለት ታላቅ፣ ከሚለው ጋር ተዛምዶ ራስን ታላቅ አድርጎ ማየትን ያመለክታል። ግዕዝ ይህንኑ ሐሳብ በሌላ ሥር ገለጸው፤ «ዐብየ» ካለው ግስ «ተዐበየ»ን፣ ከእርሱም «ትዕቢት»ን አስገኘ። ቃሎቹ ቢለያዩም መንገዱ አንድ ነው። በሁለቱም ቋንቋ ትዕቢተኛ ማለት ሌላ ሳያከብረው ራሱን በራሱ ያላቀ ሰው ነው።

ቁርኣን ከዚህ ሥር አዘውትሮ የሚጠቀምበት «ኢስተክበረ» የሚለውን ግስ ነው። መነሻው «ኢስተ» ከግዕዙ «አስተ» ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ በዚህ ቃል ላይ ሲገባ ታላቅነትን መሻትን፣ የማይገባውንም እንደሚገባ መቍጠርን ያሰማል። ስሙ «ኢስቲክባር»፣ ባለቤቱም «ሙስተክቢር» ይባላል። በ1961 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የታተመው የአማርኛ ቁርኣን በኢብሊስ ታሪክ ላይ ይህን ግስ «ኮራ» ብሎ ተርጕሞታል። ሰው በአገሩ ወይም በልጁ ቢኮራ አይነቀፍምና፣ «ታበየ» ቢባል ይጠነክር ነበር የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በአማርኛ አንዱ በሌላው ላይ «ኮራበት» ሲባል ፊትን ማዞርና መናቅ ስለሚሰማ፣ ምርጫው ከሙፈሲሮች፣ ማለት ከቁርኣን ትርጓሜ ሊቃውንት፣ ሐሳብ የራቀ አይደለም።

እነዚህ ሊቃውንት በቃሉ ዙሪያ የሰበሰቡት ትርጓሜ ሲመረመር ኢስቲክባር የዕውቀት ጕድለት ሆኖ አይገኝም። ያላወቀ ሰው ስቷል ይባላል እንጂ ታብዮአል አይባልም። ለዚህ መሠረት የሚሆነው በ27ኛው ሱራ 14ኛው አንቀጽ ነው። በዚያ ፈርዖንና ሕዝቡ የሙሴን ተአምራት ሲክዱ ልባቸው የተአምራቱን እውነትነት አረጋግጦ እንደ ነበረ፣ የካዱትም ከግፍና ከፍ ከፍ ከማለት የተነሣ እንደ ሆነ ተነግሯል። እንግዲህ ክህደቱ የመጣው ከማወቅ በኋላ ነው።

የዚህ ዋና ምሳሌ ኢብሊስ ነው። ለአዳም እንዲሰግድ ታዝዞ እምቢ ማለቱ በሰባት ሱራዎች፣ ማለት በ2ኛው፣ በ7ኛው፣ በ15ኛው፣ በ17ኛው፣ በ18ኛው፣ በ20ኛውና በ38ኛው ይተረካል። ኢብሊስ ፈጣሪ የለም አላለም፤ እንዲያውም ከፈጣሪው ጋር ይነጋገራል፣ እስከ ትንሣኤ ቀን ድረስ ዕድሜ እንዲሰጠውም ይለምናል። ላለመስገዱ የሰጠው ምክንያት እርሱ ከእሳት፣ አዳም ግን ከጭቃ መፈጠሩ ነው። በአውሮጳ አቆጣጠር በ923 ዓ.ም. የሞተው ታላቁ ሙፈሲር ጠበሪ ይህን ምክንያት አንሥቶ ሚዛኑ ራሱ የተሳሳተ መሆኑን ያሳያል። የእሳት ጠባይ ቅለት፣ ችኮላና ወደ ላይ መውጣት ነው፤ የጭቃ ጠባይ ግን እርጋታ፣ ትዕግሥትና ዝቅታ ነው። አዳም ከበደለ በኋላ ወደ ንስሓ የተመለሰው፣ ኢብሊስም በእምቢታው ጸንቶ የቀረው ከዚህ የተነሣ ነው ይላል።

ጠበሪ ከሐሰን አልበስሪና ከኢብን ሲሪን ተቀብሎ እንደ ጻፈው፣ ከሁሉ አስቀድሞ «ቂያስ» ያደረገ ኢብሊስ ነው። ቂያስ በእስልምና ሕግ አንዱን ነገር በሌላው መስሎ መፍረድ ስለ ሆነ፣ ይህን ዘዴ የሚቃወሙ ሰዎች አባባሉን በባላጋሮቻቸው ላይ እንደ በትር አነሡት። ይህ አግባብ አይመስልም። የኢብሊስ ጥፋት ማመሳሰሉ ሳይሆን፣ ግልጽ ትእዛዝ ከደረሰው በኋላ በማመሳሰል ከትእዛዙ ለማምለጥ መሻቱ ነው፤ የሕግ ሊቅ ግን ወደ ቂያስ የሚሄደው ግልጽ ቃል ባጣበት ስፍራ ነው።

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የሥነ ፍጥረት ትምህርት ሳጥናኤል የወደቀው ለመላእክት ፈጣሪያችሁ እኔ ነኝ በማለቱ መሆኑ የታወቀ ነው። በዚያ ትዕቢቱ በቀጥታ በፈጣሪ ላይ ይነሣል። በቁርኣኑ ታሪክ ግን መነሻው ሌላውን ፍጡር መናቅ ነው፤ ለአምላክ አልታዘዝም ማለቱም በዚሁ ንቀት በኩል ይመጣል።

የንቀት ነገር በሐዲስም ጐልቶ ይታያል። ሙስሊም ኢብን አልሐጃጅ በጻፈው፣ ከኢብን መስዑድ በተላለፈው ሐዲስ፣ አንድ ሰው ያማረ ልብስና ያማረ ጫማ መውደድ ከትዕቢት ይቈጠር እንደ ሆነ ጠየቀ። ነቢዩ ሙሐመድ ግን ትዕቢትን በሁለት ነገር ወስነው መለሱ፤ እነርሱም ሐቅን አለመቀበልና ሰዎችን ማቃለል ናቸው።

ለመጀመሪያው የአልወሊድ ኢብን አልሙጊራ ታሪክ ይጠቀሳል። ይህ የቁረይሽ ባለጸጋ ንግግር ዐዋቂ ነበር። ሙፈሲሮች እንደሚተርኩት ቁርኣን ሲነበብ ሰምቶ ቃሉ ከሰውም ከጂንም ንግግር የተለየ መሆኑን መሰከረ፤ ወገኖቹ ስለ ነቀፉት ግን ነገሩን ሲያወጣ ሲያወርድ ቈይቶ፣ ፊቱን አጨማዶ፣ ከጥንት የተወረሰ ድግምት ነው አለ። በ74ኛው ሱራ ስሙ ሳይጠራ የተነገረለት ሰው እርሱ ነው ይባላል።

ሁለተኛው በብዙ ስፍራ ይደጋገማል። የኖኅን ሕዝብ አለቆች ያስቈጣቸው ነቢዩን የተከተሉት ሰዎች ዝቅተኞች መሆናቸው ነበር። በ7ኛው ሱራ የሠሙድ መኳንንት «ኢስተክበሩ» ሲባሉ፣ በአንጻራቸው የቆሙት የተጠቁትና አቅም ያጡት ናቸው። የቁረይሽ አለቆችም ቢላልን፣ ዐማርን፣ ሱሀይብንና ኸባብን የመሰሉ ድሆች ከነቢዩ ጉባኤ ካልራቁ አብረን አንቀመጥም እንዳሉ፣ በ6ኛው ሱራ 52ኛው አንቀጽም ስለዚሁ እንደ ወረደ ይነገራል። ቢላል በትውልዱ ሐበሻ ነው። መካ በ630 ዓ.ም. በተያዘች ጊዜ በካዕባ ላይ ወጥቶ አዛን ሲያሰማ አንዳንድ መኳንንት በጥቁርነቱ አሽሟጠጡ። የአንቀጾችን መውረጃ ምክንያት የሰበሰበው አልዋሒዲ በ49ኛው ሱራ የሚገኘውን፣ የሰው ልጆችን አንድ ምንጭ የሚያስታውሰውን 13ኛ አንቀጽ ከዚህ ነገር ጋር ያያይዘዋል።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው የሉቅማን ነገር ነው። በ31ኛው ሱራ ሉቅማን ልጁን ሲመክር ጕንጩን ከሰዎች እንዳያዞር ይነግረዋል። ሊቃውንቱ ይህን ግስ ከግመል በሽታ ያወጡታል፤ በሽታው የግመሏን አንገት ስለሚያጣምም፣ ትዕቢተኛም ሰው ሲያናግረው አንገቱን እንደ ታመመች ግመል የሚያጣምም ሆኖ ተሳለ። ጠበሪ ስለ ሉቅማን ማንነት ከመዘገባቸው ወሬዎች አንዱ፣ ከኢብን ዐባስ የተላለፈው፣ ሐበሻ ባርያ ነበረ ይላል፤ ሌላው ከግብጽ ጥቁሮች ወገን ያደርገዋል። ወሬው ታሪክ ሆኖ ባይጸና እንኳ፣ ተራኪዎቹ ስለ ትዕቢት የሚያስተምረውን ምክር ዐረቦች ከናቁት ሰው አፍ ማስቀመጣቸው ልብ የሚባል ነው።

በ7ኛው ሱራ 146ኛው አንቀጽ አምላክ ትዕቢተኞችን ከምልክቶቹ እንደሚያርቃቸው ስለሚነገር ክርክር ተነሥቷል። የሙዕተዚላ ወገን የሆነው ዘመኽሸሪ (1144 ዓ.ም. የሞተ) መራቁን በትዕቢታቸው ምክንያት እንደ መተው ይተረጕመዋል፤ አሽዐሪዎች ግን አምላክ ሰውን ከእምነት ሊከለክል እንደሚችል ማስረጃ ያደርጉታል። በሁለቱም ዘንድ በደለኛው ሰው ራሱ መሆኑ አልተካደም።

ተቃራኒው በ5ኛው ሱራ 82ኛውና 83ኛው አንቀጽ ይገኛል። ለአማኞች በወዳጅነት የሚቀርቡት ክርስቲያኖች መሆናቸው፣ በመካከላቸውም ቀሳውስትና መነኰሳት ስላሉ፣ የማይታበዩም ስለ ሆኑ ነው ተብሏል። የወረደውን ቃል ሲሰሙ እውነቱን ከማወቃቸው የተነሣ ዓይናቸው ያነባል። እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? በ615 ዓ.ም. ከመካ የተሰደዱትን ሙስሊሞች የተቀበሉት የአክሱም ንጉሥ፣ በዐረቦች አጠራር ነጃሺ፣ እና ባለሟሎቻቸው ናቸው የሚል ወሬ ጠበሪ ዘርዝሯል። እርሱ ራሱ ግን አንቀጹ ስም አልጠራምና የንጉሡ ሰዎችም፣ በዒሳ ሕግ ጸንተው የቈዩ ሌሎችም ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ ይተወዋል። በኢትዮጵያ የእስልምና ትምህርት ቤቶች፣ በተለይም በወሎ፣ በዐረብኛ እየተነበበ በአማርኛ የሚብራራው የጀላለይን ትርጓሜ ይህን ጥንቃቄ አይከተልም። በእርሱ ዘንድ ያለቀሱት ከሐበሻ የመጡ የነጃሺ መልእክተኞች ናቸው፤ ነቢዩ ያነበቡላቸውም የያሲን ሱራ ነበር።